ሽማግሌ የተላከባት መኪና

በዚያ ዘመን ደሴ ላይ ሰው ከቤቱ ሲወጣ መጀመሪያ ደህና አደርሽ የሚለው መኪናውን ነበር። ሰላምታ ካልቀደመ ሞተሯ አይነሳም። ሰላምታው ካለቀ በኋላም ወሬ አለ፦ የጎማው ንፋስ፣ የባትሪው ዕድሜ፣ የመንገዱ ነገር፣ ከዚያ ደግሞ ማስታወቂያ። ማስታወቂያው ሳያልቅ መሪው አይዞርም። ስለዚህ ማለዳ ማለዳ በዳገቱ ሠፈር ሰዎች በየመኪናቸው ውስጥ በር ዘግተው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ እየነቀነቁ ያዳምጣሉ። እንግዳ ሰው ቢያይ መንደሩ በሙሉ ጸሎት ላይ ያለ ይመስለዋል።

መሬማ ይማም ግን አታዳምጥም፤ ትመልሳለች።

«ደህና አደሩ እትዬ መሬማ» አለቻት መኪናዋ በልጃገረድ ድምፅ። ድምፁ የወሎ ለዛ እንዲኖረው ኩባንያው ብዙ ደክሞበታል። «ዋስትናዎ የፊታችን ቅዳሜ ያበቃል። የተራዘመ ዋስትና ቢገዙ እኮ ሐሳብ አይገባዎትም።»

«የኔን ሐሳብ ለኔ ተዪው። ይልቅ ተነሽ፤ ሴቶቹ ብርድ ላይ ናቸው።»

ሴቶቹ ዋርካ አምባ የሚባል ተራራ ላይ ያሉ ድንች ሻጮች ናቸው። መሬማ ባሏ ከሞተ ወዲህ እነሱንና ድንቻቸውን ወደ ደሴ ገበያ እያወረደች፣ ከሰዓት እየመለሰች ነው የምትኖረው። ወደ ዋርካ አምባ የሚወጣ ሌላ መኪና የለም። መንገዱ በመኪኖቹ ካርታ ላይ ስለሌለ ሌሎቹ ሹፌሮች ትተውታል። የመሬማም መኪና ከአስፋልቱ በወጡ ቁጥር «እትዬ፣ ይህ መንገድ አይደለም» ትላታለች። መሬማም «ታዲያ የምንሄደው በምን ላይ ነው?» እያለች ሽቅብ ትነዳለች። እስከዚያ ዓመት ድረስ የመኪናዋ ሥልጣን ማጉረምረም ብቻ ነበር።

የተራዘመው ዋስትና ይህን ይለውጣል። መሬማ ውሉን መኪናዋ ራሷ እንድታነብላት አድርጋ፣ ሞተሩን አጥፍታ፣ ከዳር እስከ ዳር ሰምታዋለች። ባልታወቀ መንገድ ላይ መኪናዋ አትሄድም፤ ትቆማለች። ኮፈኗን ከኩባንያው ሰው በቀር ማንም አይከፍትም። የሌላ መኪና ዕቃ ከገባባት ዋስትናው ይፈርሳል። ስትሞት ሬሳዋ የኩባንያው ነው። ከየዕለቱ ገቢ ሩቡም የኩባንያው ነው። በምትኩ የሚበላሸውን ሁሉ ይጠግኑላታል፤ ባትሪ፣ ሞተር፣ ጎማና ፍሬን ግን አይጨምርም።

«ታዲያ ምን ቀረ?» አለች መሬማ።

«መቀመጫው፣ መስኮቱና እኔ» አለች መኪናዋ።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አለች መሬማና በሩን ዘግታ ወረደች።

በአፏ እንዲህ ትበል እንጂ ማታ ሒሳቡን ደጋግማ አሰላችው። ዋስትና የሌላት መኪና ከተበላሸች ኩባንያው ዕቃ አይሸጥላትም፤ ሌላ የሚሸጥም የለም። ሐረጎ ዳገት ላይ ቀጥ ብላ ከቆመች እዚያው ቆመች ማለት ነው። ዋስትናውን ብትገዛ ዋርካ አምባን ታጣለች፤ ባትገዛ አንድ ቀን መኪናዋን። በሁለቱም መንገድ እንጀራዋ ነው የሚቆረጠው። መሬማ ፈራች፤ መፍራቷም አናደዳት።

ሌላም ጣጣ ነበር። ዋስትና ያላት መኪና ግንባሯ ላይ አረንጓዴ መብራት ይበራል፤ የሌላት ቢጫ። በዚያ ዘመን ሰው የሰውን ቤት የሚያውቀው በዚህ ነበር። ባለ ቢጫ ሠርግ ቤት ሲሄድ መኪናውን ከታች ያቆማል። ለቅሶ ቤትም እንደዚያው። ያስገደደው የለም፤ ራሱ አፍሮ ነው። የመሬማ ልጅ ረውዳ ደግሞ ኮምቦልቻ ታጭታ ነበር፤ የእጮኛዋ እናት ደጋግመው የጠየቁት ስለ ልጅቷ ጠባይ ሳይሆን ስለ እናቷ መብራት ነው።

«እማ፣ ግዢውና እንገላገል» አለች ረውዳ። «ዋርካ አምባ ቢቀርብሽ ምን ትሆኛለሽ? ከተማ ውስጥ ትሠሪያለሽ።»

«ሴቶቹስ?»

«እነሱ ይወቁበታ።»

መሬማ ልጇን ቀና ብላ አየቻት። ረውዳ ክፉ ልጅ አይደለችም። ማግባት የምትፈልግ ልጅ ናት።

በማግስቱ ጎረቤቷ ሞላ በአጥር በኩል ብቅ አለ። የሞላ መኪና ባለፈው ወር ሐረጎ ላይ ሞተሯ ነዶ ሞታለች፤ በበሬ አስጎትቶ ነው ያወጣት። አሁን ግቢው ውስጥ ሸራ ለብሳ ተቀምጣለች።

«ቅዳሜ ቅርጫዋን ልናወጣ ነው» አለ። «ትገቢያለሽ?»

የመኪና ቅርጫ የጀመረው ቢጫዎቹ ሲበዙ ነው። እንደ በሬው ቅርጫ ነው ሥርዓቱ። መኪና ሲሞት ባለ ዕጣዎች ተዋጥተው ይገዙታል፣ ብልት አውጪ ይበልተዋል፣ መደብ መደቡ ተለይቶ መሬት ላይ ይደረደራል፣ ዕጣ ይጣላል፤ ፓምፕ የደረሰው ፓምፕ፣ ፍሬን የደረሰው ፍሬን ይዞ ይሄዳል። የሚቸግረው ሲመጣ ደግሞ ይለዋወጣሉ። በበሬው ጊዜ የእስላሙና የክርስቲያኑ ቅርጫ ለየብቻ ነበር። «ይህ በሬ ግን» ይላል ሞላ፣ «በስመ አብም ቢስሚላህም አይፈልግ፤ ሁላችንንም ያበላል።»

«ከገባሁ ዋስትናው ቀረብኝ ማለት ነው» አለች መሬማ።

«አንቺ እኮ ቢያንስ ለምነውሻል። እኔ ልግዛ ብዬ በእግሬ ብሄድ ተራዎን ይጠብቁ ብለው መለሱኝ። ወር ሳይሞላ ሞተሬ ነደደ። ዕድል ነው እንግዲህ።»

መሬማ ነገሩን ሰማችው፤ ያን ዕለት ግን ልብ አላለችውም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ግቢዋ ገቡ።

ኩባንያው ይህን ዘዴ ያመጣው ማስታወቂያው አልበቃ ሲለው ነው። የዚህ አገር ሰው መኪናን እምቢ ይላል፣ ባንክን እምቢ ይላል፤ ሽማግሌን ግን እምቢ ለማለት አንደበቱ ይተሳሰራል። ይህን ያወቀ ሰው ኩባንያው ውስጥ ሳይኖር አልቀረም። ጡረተኞችን በውል ቀጠረ፤ ነጭ ጋቢ አለበሰ። የጋቢዎቹ ጥለት አንድ ዓይነት ነው፤ ጫፉ ላይ የኩባንያው ምልክት በትንሹ ተጠልፎበታል። ሽማግሌዎቹም እንደ ወጉ ደጃፍ ላይ ቆሙ፤ አልቀመጥ አሉ። ጉዳያቸው ሳይሰማ የተቀመጠ ሽማግሌ የለም። ቁጭ በሉ ያለ ደግሞ እሺ ብሏል ማለት ነው።

መሪያቸው ጋሽ አሊጋዝ ነበሩ። መሬማ ታውቃቸዋለች፤ ለእሷና ለሟች ባሏ ኒካሕ የታሰረ ዕለት ሽማግሌ ሆነው የመጡት እሳቸው ናቸው። ያን ጊዜ ማንም አልከፈላቸውም።

«መሬማ ልጄ» አሉ ምርኩዛቸውን ተደግፈው፣ «የመጣነው ለመልካም ነው። አንዲት መኪና አለችሽ። ነገ መብራቷ ቢጫ ይሆናል። ልጅሽም ለወግ ለማዕረግ ደርሳለች። ዋስትናውን አድሺና እኛም ተቀምጠን እንመርቅሽ።»

መሬማም አልተቀመጠችም። ሽማግሌ ቆሞ እሷ ልትቀመጥ ያደገችበት ወግ አይፈቅድላትም። አራቱም ደጃፉ ላይ ቆሙ። ረውዳ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ታያለች። ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ ሆነ ነገሩ። ደመናው ከጦሳ ተራራ ወረደ፤ ካፊያ ጀመረ። የጋሽ አሊጋዝ ጋቢ ሲርስ አየች። ቁጭ በሉ የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት ጋሼ» አለች በምትኩ። «የኔን መኪና ነገር ከፈለጋችሁት፣ ነገ ብትበላሽብኝ እናንተ ዋስ ትሆናላችሁ? ኒካሔ ላይ ሆነውልኝ ነበር። ልጁ ቢበድልሽ እኔን ጥሪኝ ብለውኝ ነበር።»

«እሱማ» አሉ ጋሽ አሊጋዝና ጓደኞቻቸውን አዩ። «ዋሱ ኩባንያው ነው። እኛ መልእክተኞች ነን።»

«ማን ቤት እንደምትሄዱ ማነው የሚመርጥላችሁ?»

«ኩባንያው ነዋ። ጠዋት ጠዋት የቤት ስም ይነገረናል፤ እንሄዳለን።»

«ሞላ ቤት ሄዳችሁ ነበር?»

«የሞላ ስም ተነግሮን አያውቅም።»

«ባለፈው ዓመት መኪናዋ የሞተችባት ዘሀራስ ቤት?»

ጋሽ አሊጋዝ ትንሽ አሰቡ። «አልሄድንም» አሉ። «ደግሞ እሷ ራሷ ልግዛ ብላ ለምና ነበር አሉ።»

መሬማ ያኔ ነው የገባት። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነው። መኪናዋ ሌት ተቀን የሆዷን ሁሉ ለኩባንያው ትነግራለች፤ የትኛው ዕቃ እንደላላ፣ የትኛው እንደደከመ ኩባንያው ያውቃል፤ ባለቤቷ ግን አታውቅም። ለምትሞት መኪና ማንም ዋስ አይሆንላትም። ዝም ይሏታል። ዋስትና ግዢ እያሉ የሚለማመጡት፣ ሽማግሌ የሚልኩት፣ ምንም ለማትሆነዋ ነው። ይህን ሁሉ ቀን ያስፈራት ነገር ለካ የጤንነት ምስክር ወረቀት ነበር። እንዲህ ስትሞኝ መክረሟ አሳቃት፤ ሳቋን ዋጠችው፤ ቁጣው ግን ወጣ።

«ጋሽ አሊጋዝ፣ ኩባንያው እናንተን እዚህ በመላኩ መኪናዬ ደህና መሆኗን ነግሮኛል። አላህ ይስጠው። ዋስትናውን ግን አልገዛም። ዛሬም አልገዛም፣ ነገም አልገዛም። ይህን ለላካችሁ ንገሩ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አሁን ቁጭ በሉ። የምትቀመጡት ግን እንደ እንግዶቼ እንጂ እንደ ኩባንያው ሽማግሌዎች አይደለም። ጋቢያችሁ ርሷል።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። ጋሽ አሊጋዝ ግን መጀመሪያ ገብተው ተቀመጡ።

ቅዳሜ ጠዋት የመሬማ መኪና ግንባር ቢጫ ሆነ። ረውዳ አልቅሳ ዓይኗ አብጦ ነበር። ነገር ግን የዚያን ዕለት ከሞላ ግቢ ስትመለስ ተለውጣ ነው የመጣችው። እናቷ ቅርጫው ላይ ለባለ ዕጣዎቹ የተናገረችውን ሰምታለች፤ ሰዎቹ አንድ በአንድ እያሰቡ «የእኔም እንደዚያው ነበር» ሲሉ ሰምታለች። ኮምቦልቻ ደወለችና እጮኛዋን አስጠራችው። «ለእናትህ ንገራቸው፤ የእናቴ መብራት ቢጫ ነው። መብራት አይተው የሚመጡ ከሆነ ይቅሩ» አለችው። ልጁ እየሳቀ «እኔ መጥቻለሁ፤ እሳቸውም ይለምዱታል» አለ። መሬማ ይህን ከጓዳ ሆና ሰማች፤ ወጥታ ልጇን አቀፈቻት።

ቅርጫው ላይ ለመሬማ የደረሳት የግራ በር ነበር። ሞላ ሳቀባት። ጥግ ላይ ቆመው ዕጣ የጣሉ ሌላ ሰውም ነበሩ፤ ጋቢያቸውን ገልብጠው፣ ምልክቱን ወደ ውስጥ አድርገው የመጡ። ጋሽ አሊጋዝ ናቸው። የሳቸው አሮጌ መኪና መብራት ከድሮ ጀምሮ ቢጫ ነው፤ አረንጓዴውን ለሌላ የሚለምኑት ሰውዬ ለራሳቸው ጠያቂ አጥተው ነበር። የደረሳቸው የውሃ ፓምፕ ነው። በጨርቅ ጠቅልለው በብብታቸው ይዘው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ሠፈሩ ጠባዩን ለወጠ። ሽማግሌ የተላከበት ሰው ደስ ይለዋል፤ ጎረቤት እንኳን ደስ ያለህ ይለዋል። ሽማግሌዎቹ ይስተናገዳሉ፣ ይመረቃሉ፣ እምቢ ተብለው ይሸኛሉ። የመሬማም መኪና በየጠዋቱ ዋስትናውን ትለምናታለች። ዋጋው ቀነሰ። ስጦታ ተጨመረበት። መሬማ «አልገዛም የኔ ቆንጆ» እያለች ልቧ ሞልቶ ወደ ዋርካ አምባ ትነዳለች።

ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ደረቅ ሲል፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት መኪናዋ «ደህና አደሩ እትዬ መሬማ» አለች። ስለ ጎማው ነገረቻት። ስለ ባትሪው ነገረቻት። ከዚያ ዝም አለች።

መሬማ ጠበቀች። መሪው ተፈታ። ሂጂ ማለቷ ነው።

«ሌላስ?» አለች መሬማ።

«መልካም መንገድ እትዬ።»

ዝምታ ወርቅ ነው ያለ ሰው እንዲህ ያለ መኪና አልነበረውም። «ዋስትናውስ? አትለምኚኝም?» አለች፤ ድምፅዋ ለራሷም የሰው መሰላት። መኪናዋ «አሁን ለእርስዎ የተዘጋጀ ነገር የለም» አለች፤ በዚያው በለዛዋ። ያቺ የራሷን ሆድ የምታውቅ መኪና፣ ምን እንደሚያማት ለሌላ ተናግራ ለመሬማ ግን መልካም መንገድ ትመኝላታለች። እንባ የመጣባት በፍርሃት አልነበረም። በንዴት ነው። ወርዳ የግቢውን በር በረገደችና «ሞላ» ብላ ተጣራች። «ዝም አለችኝ።»

ሞላ መፍቻውን ይዞ ወጣ። ወሬው በየአጥሩ ሮጠ። ብዙም ሳይቆይ ባለ ዕጣዎቹ እያንዳንዳቸው የደረሳቸውን ዕቃ ይዘው መጡ፤ የቅርጫው ሥርዓት እንዲህ ነው። የትኛው ዕቃ እንደታመመ የሚያውቅ ስለሌለ፣ ሁሉም የራሱን ድርሻ ከእሷ መኪና ዕቃ ጋር ጎን ለጎን አድርጎ ያያል፣ ይነካል፣ ይነቀንቃል። ሞላ በመፍቻው ኮፈኑን ከፈተ። «ባዕድ እጅ ነክቶኛል» አለች መኪናዋ። «ገና ምኑ ተነካና» አለ ሞላ። አንዱ ፍሬኑን አየ፤ ደህና ነው። ሌላው ማራገቢያውን አየ፤ ደህና ነው። መኪናዋ እያስጠነቀቀች፣ ሰዎቹ እየተሳሳቁ ሰዓቱ ሄደ። ዋርካ አምባ ላይ ሴቶቹ ድንቻቸው ላይ ተቀምጠው እንደሚጠብቁ መሬማ ታስብ ነበር።

በመጨረሻ ጋሽ አሊጋዝ ጎንበስ ብለው፣ በጨርቅ የጠቀለሉትን ፓምፕ በአንድ እጃቸው ይዘው፣ በሌላው የመሬማን ፓምፕ ዘንግ ነቀነቁት። የሳቸው ቀጥ ያለ ነው። የእሷ እንደ ልጅ ጥርስ ይነቃነቃል፤ ሥሩም አልቦታል። ሐረጎ ላይ ቢሆን ኖሮ ሞተሩን ይዞ ይሄድ ነበር።

ደህናው ፓምፕ ግን የሽማግሌው ነው። የሳቸው መኪና ደግሞ ከሁሉም ያረጀች ናት፤ ነገ ራሳቸው ይፈልጉታል።

«ጋሼ፣ ይህን ልቀበልዎት አልችልም» አለች መሬማ።

«ለዚያ ለኩባንያው ነገር ዋስ አልሆንም ብዬሽ ነበር» አሉ ሽማግሌው። «አፍሬ ነው የወጣሁት። ለዚህች ግን ዋሷ እኔ ነኝ። እንካ ሞላ፣ እሰረው።»

ሞላ አሰረው። መኪናዋ ስትነሳ «በውስጤ እንግዳ አካል አለ» አለች፤ ዋርካ አምባ እስክትደርስም እስክትመለስም ይህንኑ ደጋገመች። «እንግዳ ይከበራል፤ ተይው ይረፍ» አለቻት መሬማ። ሴቶቹ ዘግይታ በመምጣቷ ተቆጧት፤ ነገሩን ሲሰሙ ግን ለጋሽ አሊጋዝ ድንች ቋጠሩላቸው።

ያን ሌሊት መሬማ አልተኛችም። ፓምፑ ብቻ ነበር በሽታው ወይስ ሌላም አለ? መልሱን የምታውቅ አንዲት ፍጡር ናት፤ እሷ ደግሞ አትናገርም።

ዓርብ ማለዳ መኪናዋ ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች። ሞላ አጥሩ ላይ በክንዱ ተደግፎ ቆሟል። ረውዳ ደጃፉ ላይ ናት።

«ደህና አደሩ እትዬ መሬማ» አለች መኪናዋ። ስለ ጎማው ነገረቻት። ስለ ባትሪው ነገረቻት። ትንሽ ቆየች።

«እትዬ መሬማ፣ ለእርስዎ ብቻ የተዘጋጀ የተራዘመ ዋስትና አለን።»

መሬማ ግንባሯን መሪው ላይ ደፍታ ሳቀች፤ ሳቁ ሲያበቃ ፊቷ ረጥቦ ነበር። ማስታወቂያውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳታቋርጥ፣ ሐኪም ውጤት ሲነግራት እንደምትሰማው፣ አንድም ቃል ሳያመልጣት እስከ መጨረሻው አዳመጠችው። ከዚያ መስኮቱን ዝቅ አደረገች።

«ምን አለችሽ?» አለ ሞላ።

«ዋስትና ግዢ አለችኝ።»

ሞላ አጥሩን በመዳፉ መታው። ረውዳ እልል አለች። ከየግቢው ሰው ብቅ አለ፤ በየመኪናው አንገቱን ደፍቶ የነበረውም ቀና ብሎ አየ።

«መልስዎን እየጠበቅሁ ነው እትዬ» አለች መኪናዋ።

«አልገዛም» አለች መሬማ፣ ሠፈሩ ሁሉ እንዲሰማ። ከዚያም ወደ ዋርካ አምባ ነዳች።